ስለ ተጣለ ዕቃ መመለስ፤ መንግሥትም በዚህ ነገር ስላለው ድርሻ

የአንድ አገር ሀብት የሚለካው ከመሬቷ በሚወጣው፣ በልጆቿ እጅ በሚሠራውና ከባሕር ማዶ በሚገባላት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ከገባውና ከተሠራው ውስጥ ሳይባክን በሚቀረውም ጭምር ነው። ጎተራው የቱንም ያህል ቢሞላ ሥሩ የተቀደደ እንደ ሆነ ባለቤቱ ከረኃብ አያመልጥም። ስለዚህ ብልህ የቤት ጌታ እህሉን ከማግባቱ በፊት የጎተራውን ሥር ይመለከታል። መንግሥትም የአገር ቤት ጠባቂ ነውና፣ የሚገባውን ሀብት ለማብዛት የሚደክመውን ያህል የሚፈሰውንም ለመግታት መድከም ይገባዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ነገር ይኸው ነው።

በአባቶቻችን ቤት የሚጣል ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። የተሰበረ ማረሻ ወደ ባለእጁ ተመልሶ ማጭድ ወይም ቢላዋ ይሆናል፤ ያረጀ ጋቢ ተቀዶ ለሕፃን መታቀፊያ ይውላል፤ አመዱና የከብቱ አዛባ በጓሮ ላለው ጎመንና እንሰት ይፈሳል። በቤተ ክርስቲያንም የብራና መጽሐፍ የተቀደደ እንደ ሆነ በክርና በጅማት ይሰፋል እንጂ አይጣልም፤ ከአሮጌ መጽሐፍ የተረፈውም ቁራጭ ለአዲሱ ጥራዝ ማጠናከሪያ ሲሆን ሊቃውንቱ አይተውታል። በወንጌልም እንደ ተነገረው፣ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከጠገበ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ አንድም እንዳይጠፋ ተሰብስቦ አሥራ ሁለት መሶብ ሞልቷል። ከጥቂት ብዙ ለማድረግ የሚቻለው ጌታ ፍርፋሪውን ካልናቀ፣ ሁሉን በድካም የምናገኝ እኛ የምንንቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህን የቆየ ጥበብ የዛሬው ዘመን ሊቃውንት ዑደታዊ ኢኮኖሚ የሚል ስም ሰጥተውታል። ትርጓሜውም እንዲህ ነው። በተለመደው ሥራ ሰው ከምድር ቆፍሮ ያወጣል፣ ሠርቶ ይሸጣል፣ የገዛውም ተጠቅሞ ይጥላል፤ መንገዱ እንደ ወንዝ ወደ ታች ብቻ ይፈሳል። በዑደታዊው ሥራ ግን ዕቃው መጀመሪያ ዕድሜው እንዲረዝም ሆኖ ይሠራል፤ ሲሰበር ይጠገናል፤ ሊጠገን የማይችል ሲሆን ፈርሶ ለሌላ ዕቃ መሥሪያ ይሆናል፤ ከመሬት የበቀለውም ነገር በስብሶ ወደ መሬት ይመለሳል። ደመና ከባሕር ወጥቶ በዝናም ወደ ባሕር እንደሚመለስ ማለት ነው።

ይህም ነገር በምክርና በትምህርት ብቻ የሚፈጸም መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የብዙ አገሮች ልምድ እንደሚያሳየው ያለ ሕግና ያለ መንግሥት እጅ አልተቃናም። ጀርመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ጃፓን በ2000 ዓ.ም ባወጣችው መሠረታዊ ሕግ፣ ቻይናም ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ በጸናው ሕጓ ነገሩን ለግለሰብ በጎ ፈቃድ ሳይተዉ የመንግሥት ጉዳይ አድርገውታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንድ ፋብሪካ በርካሽ ዕቃ ሲሠራ ትርፉ ለራሱ ነው፤ ዕቃው ሲጣል ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በወንዙ ዳር በሚኖረው ሰው፣ በገበሬው ከብትና በከተማው ማዘጋጃ ቤት ላይ ነው። ትርፉና ጉዳቱ ተለያይተው ሳሉ ማንም ሰው በገዛ ፈቃዱ ጉዳቱን ወደ ራሱ አይጠራም። የተለያዩትን ሁለቱን መልሶ የሚያገናኝ ሕግ ብቻ ነው፤ ሕግን የሚያወጣውም መንግሥት ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስና የአዲስ አበባን ነገር እንመልከት። ከተማይቱ በየቀኑ የምትጥለው ጥራጊ አብዛኛው እጅ የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ፣ ቅጠልና አመድ የመሰለ፣ ወደ አፈር ሊመለስ የሚችል ነገር ነው። ከዚህ ጋር ግን ቀድሞ ያልነበሩ ነገሮች ተደባልቀውበታል፤ ፌስታል፣ ሕዝቡ በተለምዶ ሃይላንድ የሚለው የውሃ ፕላስቲክ፣ ያረጀ ባትሪ፣ የተሰበረ ስልክና ቴሌቪዥን ናቸው። እነዚህ ከአዛባና ከአመድ ጋር አንድ ሆነው በአንድ መኪና ሲጫኑ፣ አፈር ይሆን የነበረው አፈር መሆኑ ይቀራል፤ ዕቃ ይሆን የነበረውም ዕቃ መሆኑ ይቀራል። ሁለት ሀብት ተደባልቆ አንድ ጉዳት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ድብልቅ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረበት ስፍራ በከተማይቱ ምዕራብ ደቡብ በረጲ የሚገኘው ቆሼ ነው። ስፋቱ ከ30 ሄክታር ይበልጣል። መጀመሪያ ሲመረጥ ከከተማው ዳር የነበረ ሲሆን፣ ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው፤ ድሆችም ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው፣ ብዙዎቹም ከክምሩ ላይ ቁርጥራጭ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ ይኖሩ ነበር። በ2008 ዓ.ም ከከተማው ውጭ በሰንዳፋ አዲስ የመቅበሪያ ስፍራ ተከፍቶ ጥራጊው ወደዚያ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች ሽታውንና በውሃቸው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ስለ ተቃወሙ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ተዘጋ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቅዳሜ ማታ የቆሼ ክምር ተናደ። ከሥሩ የነበሩት ቤቶች ከነሰዎቹ ተቀበሩ። ቁፋሮው ለብዙ ቀን ቀጥሎ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሬሳ ወጣ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል የሚለው ተረት ስለ ጠፋ ሀብት የተተረተ ነው፤ የቆሼ ተራራ ሲናድ ግን ሀብትም ሰውም አብሮ ጠፋ። ያን ኀዘን ያየ ሁሉ ይህን መጠየቅ ይገባዋል፤ እነዚያን ሰዎች የገደላቸው ምንድን ነው? የተናደው ዕቃ እኮ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤትና ሆቴል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያዋጣ የከመረው ነው። የሰንዳፋም ነገር የሚያስተምረን፣ ጥራጊን ከአንዱ ድሃ ደጅ አንሥቶ በሌላው ድሃ ደጅ ማፍሰስ መፍትሔ አለመሆኑን ነው። መፍትሔው የሚከመረውን ማሳነስ ነው።

ከዚህ በኋላ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም በዚያው በረጲ ጥራጊን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጥ ጣቢያ ተመረቀ። በቀን እስከ 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ይህ ለአፍሪካ አዲስ የሆነ ሥራ ነውና ልናቃልለው አይገባም፤ የሚከመረውን ይቀንሳል፣ መብራትም ይሰጣል። ሆኖም ማቃጠል የመጨረሻው መንገድ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። የእኛ ከተማ ጥራጊ ልጣጭና ትራፊ ስለሚበዛው እርጥበቱ ብዙ ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ኃይሉን የሚጨርሰው የራሱን ውሃ በማድረቅ ነው። ከዚህም በላይ የተቃጠለ ዕቃ ሁለተኛ አይመለስም። ስለዚህ ወደ እሳቱ የሚሄደው ሊጠገንም፣ ሊቀልጥም፣ ሊበሰብስም የማይችለው ቅሬታ ብቻ እንዲሆን ያስፈልጋል። ለዚህም መንግሥት ሊያደርገው የሚገባውን በአራት ክፍል ከፍለን እንናገራለን።

የመጀመሪያው ከቤት ጀምሮ መለየት ነው። ስለዚህ ነገር ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ አባወራ ተመልሶ ለሥራ የሚውለውን ከሚጣለው ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያዝ ነበር። ትእዛዙ መልካም ሆኖ ሳለ በብዙ ቤት ያልተፈጸመበት ምክንያት የሕዝቡ ልግመኝነት ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ልጣጩን በአንድ ከረጢት፣ ፕላስቲኩን በሌላ ከረጢት ለይታ ስታበቃ፣ ከደጇ የመጣው ጋሪ ሁለቱን በአንድነት ሲደባልቀው ያየች እንደ ሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ለመለየት ምን ያተጋታል? ሕግ ትእዛዝ ብቻ ሆኖ መሣሪያ ካልተከተለው ታዛዡን ያሳፍራል፤ እምቢተኛውን ግን ብልህ ያስመስለዋል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጋሪ፣ ሁለት የማንሻ ቀን፣ ሁለት የማራገፊያ ስፍራ ከትእዛዙ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

በዚህ ነገር የደቡብ ኮሪያ ሥራ ምሳሌ ሊሆነን ይችላል። ያች አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም እያንዳንዱ ቤት ጥራጊውን ከመንግሥት በሚገዛ ከረጢት ብቻ እንዲያወጣ አዘዘች፤ ብዙ የጣለ ብዙ ከረጢት ይገዛልና ብዙ ይከፍላል፤ ለይቶ ያወጣው ለሥራ የሚመለስ ዕቃ ግን ያለ ክፍያ ይነሣለታል። በ2005 ዓ.ም የምግብ ትራፊ እንዳይቀበር ከለከለች፤ በ2013 ዓ.ም ደግሞ የትራፊው ክፍያ በሚዛን እንዲሆን አደረገች። በ1995 ዓ.ም ከምግብ ትራፊዋ ወደ ሥራ ይመለስ የነበረው 2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ 95 በመቶ ያህል የከብት መኖ፣ ማዳበሪያና የጋዝ ማውጫ ይሆናል። ኮሪያውያን ይህን ያደረጉት በአንድ ቀን አይደለም፤ አንዱን ደረጃ ሕዝቡ ሲለምደው ሁለተኛውን እየጨመሩ ነው።

ለእኛ አገር ደግሞ የዚህ ጥቅም ከሌላው የበለጠ ነው። ኢትዮጵያ ለገበሬዋ የምታከፋፍለውን የፋብሪካ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ እየገዛች ታስገባለች። በሌላ ወገን በብዙ ወረዳ ማገዶ ስለ ጠፋ አዛባው ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ወደ እርሻው መመለስ የነበረበት ኃይል በምድጃ ውስጥ አመድ ይሆናል። ከተማው ከገጠሩ እህልና አትክልት ይወስዳል፤ ከመሬቱ ያወጣውን ግን አንዳች አይመልስም። የከተማው ልጣጭና ትራፊ በስብሶ ብስባሽ ሆኖ ወደ እርሻ ቢሄድ ይህ ዕዳ በመጠኑ ይከፈላል። ነገር ግን ስባሪ ጠርሙስና የፌስታል ቅዳጅ የተቀላቀለበትን ብስባሽ ገበሬው አይቀበልም፤ ቢቀበልም መሬቱን ያበላሽበታል። ስለዚህ ከቤት መለየት የሁሉ መጀመሪያ ነው ያልነው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ዕቃውን የሠራው ወይም ያስገባው ሰው ለመመለሱም ኃላፊ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማንም ሰው ከሱቅ ቢራ ወይም ለስላሳ መጠጥ በጠርሙስ ሲገዛ ያውቀዋል። ባዶ ጠርሙስ ያላመጣ ሰው የጠርሙሱን መያዣ ገንዘብ ይከፍላል፤ ጠርሙሱንም ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበላል። ስለዚህ በየመንገዱ የወደቀ የቢራ ጠርሙስ ማየት ብርቅ ነው፤ ቢወድቅ እንኳ አንድ ሰው ወዲያው አንሥቶ ይወስደዋል። ከጠርሙሱ ጎን ያለውን የውሃ ፕላስቲክ ግን እንመልከት። መያዣ የለውም፤ ስለዚህ በቦይ ውስጥ፣ በወንዝ ዳር፣ በዓለ ጥምቀት በዋለበትም ሜዳ ሳይቀር ተበትኖ ይገኛል። ሁለቱን የሚጠጣው ሕዝብ አንድ ሕዝብ ነው፤ የሚጥላቸውም እጅ አንድ እጅ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የጠባይ መልካምነት ወይም ክፋት ሳይሆን በጠርሙሱ ላይ የተቀመጠው ጥቂት ገንዘብ ነው።

ይህን የተረዳችው ጀርመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በፕላስቲክና በቆርቆሮ የመጠጥ ዕቃዎች ላይ መያዣ እንዲከፈል አዘዘች፤ ዛሬ መያዣው ለአንዱ 25 ሳንቲም ነው። ከተሸጡትም ከ95 በመቶ የሚበልጡት ይመለሳሉ። በእኛም አገር የውሃ ፋብሪካዎች ሁሉ በአንድ ሥርዓት ጥቂት ሳንቲም እንዲያስይዙ ቢታዘዝ፣ የሚመለሰውን የሚቀበል ባለሱቅም የድካሙን ዋጋ ቢያገኝ፣ ከተማው ለጽዳት የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንሳል፤ ፕላስቲኩም ከአዛባ ጋር ሳይደባለቅ ንጹሕ ሆኖ ስለሚመለስ ዋጋው ይጨምራል። ሁሉም ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ካልታዘዘ ግን መልካሙ ሰው ዋጋው ጨምሮ ይከስራል፤ ግዴለሹ ይተርፋል። ስለዚህ ይህ ሥራ የሕግ ሥራ ነው እንላለን።

ሦስተኛው ለተመለሰው ዕቃ ገበያ ማዘጋጀት ነው። የሚሰበስብ ሳለ የሚገዛ ከሌለ ክምሩ ከቆሼ ወደ መጋዘን ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በዚህ ረገድ መንግሥታችን ከዚህ በፊት ያደረገው አንድ መልካም ምሳሌ አለና እርሱን እናስታውስ። የስኳር ፋብሪካዎች ስኳሩን ካወጡ በኋላ ሞላሰስ የሚባል ጥቁር ዝቃጭ ይተርፋቸዋል። በፊንጫ፣ በኋላም በመተሐራ ከዚህ ሞላሰስ ኤታኖል ተጣርቶ መውጣት ተጀመረ። ይህ ኤታኖል ገበያ ያገኘው መንግሥት በ2001 ዓ.ም በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ እንዲደባለቅ ባዘዘ ጊዜ ነው፤ በ2003 ዓ.ምም ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረገው። አንድ የመደባለቅ ትእዛዝ ለዝቃጩ ዋጋ ሰጠው፤ ለቤንዚን ከሚወጣውም የውጭ ምንዛሪ ጥቂቱን አዳነ። ትእዛዙ ፋብሪካውን በጉልበት አላስገደደም፤ ገበያውን ከፈተለት እንጂ።

እንደዚሁም መንግሥት ራሱ በአገሩ ውስጥ ትልቁ ገዥ ነው። ወረቀት፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ መኪና፣ የግንባታ ብረት የሚገዛ እርሱ ነው። የአገራችን የወረቀት ፋብሪካዎች ከአሮጌ ወረቀት ካርቶንና ሶፍት ይሠራሉ፤ የብረት ማቅለጫዎቹም ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠው የግንባታ ብረት ያወጣሉ። የመንግሥት የግዥ ደንብ ዋጋንና ጥራትን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ መለዋወጫው በአገር ውስጥ መገኘቱንና መጠገን መቻሉን የሚጠይቅ ቢሆን ሻጩ ሁሉ አሠራሩን ያስተካክላል። ርካሽ የተባለ ወንበር በዓመቱ ተሰብሮ ሌላ ሲገዛ ሁለት ጊዜ ተከፍሎበታልና ርካሽ አይደለም።

በዚህም ላይ ሹማምንት አንባቢዎቻችን ከማንም አስቀድሞ የራሳቸውን ግቢ እንዲመለከቱ በአክብሮት እናሳስባለን። ጎማቸው የሰመጠ፣ ሣር የበቀለባቸው አሮጌ መኪኖች፣ እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ ስባሪ ወንበሮች፣ በመጋዘን ውስጥ አቧራ የለበሱ ኮምፒዩተሮች የሌሉበት መሥሪያ ቤት ስንት ነው? እነዚህ ሁሉ በጊዜው ቢሸጡ ለጠጋኙ ሥራ፣ ለማቅለጫው ብረት፣ ለግምጃ ቤቱም ገንዘብ በሆኑ ነበር። ኃላፊው ግን ሸጦ ከመጠየቅ ትቶ ማዛግን ይመርጣል፤ ስለ ሸጠው የሚጠይቀው ብዙ ነው፣ ስላዛገው የሚጠይቀው የለምና። ስለዚህ ደንቡ ያለ አግባብ የሸጠውን እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ሳይሸጥ ያበላሸውንም የሚጠይቅ እንዲሆን ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤቶቻችን ቋንቋ ይህ ሥራ ንብረት ማስወገድ ይባላል። ስሙ ራሱ አሳባችንን ያሳያል፤ ከፊታችን እንዲወገድልን እንጂ ወደ ሥራ እንዲመለስ አላሰብንም።

አራተኛው በዚህ ሥራ የሚኖሩትን ሰዎች ማክበርና መጠበቅ ነው። ዑደታዊ ኢኮኖሚ የሚለው ስም ወደ አገራችን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ ሥራውን የያዙት ቆራሌዎች ናቸው። ጆንያቸውን በትከሻቸው ይዘው በየሰፈሩ እየጮኹ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ አሮጌ ጫማና የተሰበረ ምድጃ በገንዘብ ይገዛሉ። ልዋጭ የሚባሉትም ሳፋና ኩባያ ይዘው በአሮጌ ልብስ ይለውጣሉ። የሰበሰቡት ዕቃ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ በዚያም የበርሜሉ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፣ የላሜራው ቁራጭ ማጠፊያና መዝጊያ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ከመንግሥት ደመወዝ ሳይቀበሉ ለከተማው ትልቅ አገልግሎት ሲሰጡ፣ ብዙው ሰው የሚያያቸው በንቀት ነው፤ አንዳንዱም እንደ ሌባ ይጠረጥራቸዋል።

አዲስ ሥርዓት ሲወጣ ትልቁ ስሕተት እነዚህን ሰዎች ገፍቶ ሥራቸውን ለአንድ ትልቅ ድርጅት መስጠት ነው። ይህ የተደረገ እንደ ሆነ ልምዳቸው ይጠፋል፤ እንጀራቸውም ይቋረጣል። ይልቁንስ መታወቂያ ወረቀት ቢሰጣቸው፣ በማኅበር ቢደራጁ፣ የሚመዝኑበትና የሚያከማቹበት ስፍራ በየወረዳው ቢዘጋጅላቸው፣ ጓንትና ጫማ ቢያገኙ፣ ከተማው ወደ መቅበሪያ ሳይደርስ ለሰበሰቡት ለእያንዳንዱ ኪሎ ከመጓጓዣው ከሚድነው ገንዘብ ጥቂቱን ቢከፍላቸው፣ ያለውን ሥራ ማስፋት ይሆናል። በቆሼ ከክምሩ ሥር ከሞቱት መካከል ከዚያው ክምር እየለቀሙ ይኖሩ የነበሩ ነበሩ። ለእነርሱ የሚገባው ክብር ይህን ሥራ ያለ ሞት ፍርሃት የሚሠራ ማድረግ ነው።

በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ የፌስታልን መሥራት፣ ማስገባት፣ መሸጥና መጠቀም ከልክሏል። ከአፍሪካ አገሮች ሩዋንዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም፣ ኬንያም በ2017 ዓ.ም ይህንኑ አድርገዋል። የኬንያ ሕግ እስከ 4 ዓመት እስራት ወይም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ መቀጮ ያዝ ነበር። እኛ ግን የመቀጮ ክብደት ብቻውን ሥራ አይጨርስም እንላለን። ፌስታል የተወደደው ርካሽና በየሱቁ የሚገኝ ስለ ሆነ ነው። በእርሱ ፋንታ የሰሌን ዘንቢል፣ የጨርቅና የወረቀት ከረጢት በብዛትና በመጠነኛ ዋጋ ካልተገኘ፣ ክልከላው ድሃዋን የጉልት ነጋዴ ይቀጣታል፤ ፌስታሉም በስውር ይሸጣል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሥራውን ሲጀምር፣ ዘንቢል ለሚሰፉትና የጨርቅ ከረጢት ለሚሠሩት ብድርና የመሸጫ ቦታ መስጠት የሕጉ ሁለተኛ እጅ ሆኖ መቆጠር አለበት።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዱ፣ አገራችን ገና ድሃ ናት፤ ይህ የሀብታሞች አገር ሥራ ነው ይላል። ነገር ግን የሚያባክን ሀብታም ይጎድልበታል፤ የሚያባክን ድሃ ግን ይጠፋል። ብረቱን፣ ፕላስቲኩን፣ ማዳበሪያውን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አገር ከማንም ይልቅ ሁለት ጊዜ ሊጠቀምበት ይገባዋል። ሌላው ደግሞ፣ ፋብሪካዎች ወጪ ይበዛባቸዋል ይላል። እውነት ነው፤ ወጪ አለው። ሆኖም ያ ወጪ ዛሬም አልቀረም፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው እንጂ። ቦዩ ሲደፈንና ጎርፍ ቤቱን ሲገባበት የሚከፍል አለ፤ ላሚቱ ፌስታል በልታ ስትሞት የሚከፍል አለ፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ምም የከፈሉትን አይተናል። ጥያቄው ወጪው ይኑር ወይስ አይኑር ሳይሆን፣ ማን በጊዜውና በትንሹ ይክፈለው የሚል ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ ግን ሊደመጥ የሚገባው ነው፤ ይኸውም የተመለሰ ዕቃ ሁሉ መልካም አይደለም የሚለው ነው። የመኪና ባትሪ በግቢ ውስጥ ተሰብሮ እርሳሱ በከሰል ሲቀልጥ፣ ጢሱና አመዱ የሠራተኛውን ደም ይመርዛል፤ የጎረቤቱን ልጆች አእምሮ ይጎዳል። የስልክና የኮምፒዩተር ሽቦም መዳቡን ለማውጣት ሲቃጠል እንደዚሁ ነው። የሐኪም ቤት ጥራጊም ከሌላው ጋር መገናኘት የለበትም። ስለዚህ መንግሥት መመለስን በሚያበረታታበት እጁ አደገኛውን መመለስ መከልከል አለበት፤ ባትሪና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚፈርሰው ፈቃድና ተገቢ መሣሪያ ባለው ስፍራ ብቻ እንዲሆን ማዘዝ፣ አሮጌውን ባትሪ ያላመጣም አዲሱን ሲገዛ መያዣ እንዲከፍል ማድረግ ይገባዋል።

ከላይ የተናገርነው ሁሉ በአንድ ዓመት እንዲፈጸም አንጠብቅም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ጋሪውና ማራገፊያው ከትእዛዙ ይቅደም፤ ምትኩ ከክልከላው ጋር ይምጣ፤ ገበያው ከመሰብሰቡ ጋር ይከፈት፤ የመንግሥት ግቢ ከሕዝቡ ቤት አስቀድሞ ይጽዳ። በየዓመቱም ስንት ቶን እንደ ተሰበሰበ፣ ስንቱ ወደ ሥራ እንደ ተመለሰና ስንቱ እንደ ተቀበረ በየከተማው ተጽፎ ለሕዝብ ይነገር። ያልተመዘነ ነገር አይሻሻልምና።

ካህናት አንባቢዎቻችንም በዚህ ነገር ትልቅ ሥልጣን አላቸው። አዋጅ በጋዜጣ የሚያነበው ጥቂት ነው፤ በዐውደ ምሕረት የሚነገረውን የሚሰማው ግን ብዙ ነው። በበዓል ቀን በሜዳ የወደቀውን ፕላስቲክ ከበዓሉ በኋላ የሚለቅሙ ወጣቶች በየዓመቱ ይታያሉ፤ ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ የበለጠው ምስጋና የሚገባው ከመጀመሪያው ላልጣለው ሕዝብ ነው። ማባከን ነውር፣ ቆራሌውን መናቅም በደል መሆኑ ከመድረኩ ቢነገር፣ ብዙ ተቆጣጣሪ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል።

የቆሼ ሙታን ስማቸው በየቤተ ሰባቸው ዘንድ ይታወሳል። ለአገሩ ግን ማስታወሻቸው ሐውልት ብቻ ሊሆን አይገባም፤ በየማለዳው በእያንዳንዱ ደጅ በሁለት ከረጢት ተለይቶ የሚቀመጥ ጥራጊ፣ ሳይደባልቅም የሚያነሣው ጋሪ የተሻለ ማስታወሻቸው ነው። ያን ቀን ከፊታችን ያስወገድነው ሁሉ ከፊታችን እንዳልተወገደ አይተናልና።